ሁለተኛዋ ዩስራ ሻፊ

ነሐሴ 16 ቀን 2003 ዓ.ም. ጠዋት ወደ ሮቤ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ የመጣችው ልጅ ስሜን ሰረቁኝ አለች። ተረኛው መዝጋቢ ሳቀ። በግ ጠፋብኝ፣ የጋሪ ፈረስ ተወሰደብኝ፣ ሞባይሌን ነጠቁኝ የሚል ሰው ሲመዘግብ ኖሯል፤ ስሙ የተሰረቀበት ሰው ግን ገጥሞት አያውቅም።

ልጅቷ አልሳቀችም። "ሳቅህን ስትጨርስ መርማሪ ጥራልኝ" አለችው።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሠርከአዲስ ተክለማርያም ነበረች። ጎባ ተወልዳ ያደገች፣ አርባ አራት ዓመት የሞላት፣ አማርኛና ኦሮምኛ እኩል የሚቀናት ሴት ናት። የፍልሰታ ጾም የተፈታበት ቀን ስለሆነ ቁርሷን ዶሮ በልታ ነው የመጣችው። ለእንግዶቿ ሻይ ልታዝ ብላ ረመዳን መሆኑ ትዝ አላትና ተወችው።

እንግዶቿ ሦስት ነበሩ። ልጅቷ ዩስራ ሻፊ ትባላለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ዘንድሮ ጨርሳለች። በግራዋ የተቀመጠችው እናቷ ጁሀራ ናት፤ ሮቤ ገበያ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች። በቀኟ ያለው አጎቷ ሳላሀዲን ነው፤ የሟች አባቷ ታላቅ ወንድም፣ ጎባ ላይ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ሱቅ ያለው፣ ሁለቱም ከተማ ውስጥ የሚከበር ሰው። እናትና ልጅ የሚኖሩት እሱ ሮቤ ባለው ግቢ ውስጥ በሰጣቸው ክፍል ነው።

ዩስራ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"ከደብረጼን የመጣ ነው።"

"ገዳም ነው?" አለች ሠርከአዲስ።

"ከተማ ነው። ሃንጋሪ አገር። የሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ ለውጭ አገር ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ከአፍሪካ ለስድስት ሰው ሙሉ ወጪውን የሚችል ማኅበር አለ። ኅዳር ላይ አመለከትኩ። ፎርሙን ሞላሁ፣ የአስተማሪ ምስክርነት ላክሁ፣ ሐኪም መሆን ለምን እንደምፈልግ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ግንቦት ላይ ለማትሪክ ሳጠና ኢሜይሌን ሁለት ሳምንት አልከፈትኩትም። ስመለስ የይለፍ ቃሉ አልሠራ አለኝ። አልተቀበሉኝም ማለት ነው ብዬ ተውኩት።"

"ከዚያስ?"

"መተው አቃተኝ። ባለፈው ሳምንት በሌላ አድራሻ ጻፍኩላቸው። የመለሱልኝ ይኸው።" ወረቀቱን አንስታ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች። "'ዩስራ ሻፊ የተባለችው ተማሪ በስልክ ቃለ መጠይቅ አልፋ የፈተና ውጤቷንና ፓስፖርቷን ልካልናለች። ነሐሴ 21 እንቀበላታለን። በስሟ የምትጽፊልን አንቺ ማን ነሽ?' ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር የመለስኩት እኔ ነኝ።"

ሠርከአዲስ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየች። አምስት ቀን ቀርቷል።

"ፓስፖርት አለሽ?"

"የቀበሌ መታወቂያ እንኳን አላወጣሁም።"

"የማትሪክ ካርድሽስ?"

"ትምህርት ቤቱ አልሰጠኝም። ፈልገን አጣነው፣ ጠብቂ ነው የሚሉኝ።"

ሳላሀዲን ጉሮሮውን ጠረገ። "ኢንስፔክተር፣ ይህችን ልጅ ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ እንደ ልጄ ነው የያዝኳት። ሰው መወንጀል አልወድም። ግን ወረቀቷን ሁሉ ሲያይ የከረመው አንድ ሰው ነው፤ የባዮሎጂ አስተማሪዋ ገብረወልድ። እሱን ብትጠይቁት ጥሩ ነው።"

"ቲቸር ገብረወልድ እንዲህ አያደርግም" አለች ዩስራ።

"አንቺ ልጅ ነሽ። ደግሞም እዚሁ ሮቤ ዩኒቨርሲቲ አለልሽ፤ ከእናትሽም አትርቂም።"

"እዚህ መማር ጠልቼ አይደለም፣ አጎቴ። ስሜን ግን ለማንም አልሰጠሁም።"

ሲወጡ ጁሀራ መርማሪዋን በኦሮምኛ "ልጄን አደራ" አለቻት። ሠርከአዲስም በኦሮምኛ መለሰችላት። በዚያው ቀን፣ በዩስራ ሻፊ ስም የወጣውን ፓስፖርት መረጃ እንዲልኩላት ወደ አዲስ አበባ ጻፈች።

*

ዘይነዲን መናኸሪያው ፊት ለፊት አምስት ኮምፒውተር ያለው ኢንተርኔት ቤት አለው። የዩስራን ኢሜይል የከፈተላት እሱ ነው።

"የይለፍ ቃሏን ታውቀዋለህ?"

ዘይነዲን ሳያመነታ አንድ ደብተር ገልጦ ሰጣት። የደንበኞቹ ሁሉ ስም፣ አድራሻና የይለፍ ቃል በተርታ ተጽፏል።

"ሰው ይረሳል፣ ኢንስፔክተር። ረስተው ይመጡና እኔን ይነዘንዙኛል። ስለዚህ እጽፍላቸዋለሁ።"

"ደብተሩ የት ነው የሚቀመጠው?"

"እዚሁ ጠረጴዛ ላይ።"

"ማን ያየዋል?"

ዘይነዲን ጥቂት አሰበና አቀረቀረ። "የመጣ ሁሉ። ወላሂ በክፋት አይደለም።"

"ግንቦት መጀመሪያ ላይ የት ነበርክ?"

"ጊኒር። የእህቴ ሰርግ ነበር። ሁለት ሳምንት ቤቱን ዘግቼ ነው የሄድኩት፤ ጎረቤቶቼን ይጠይቁ።"

ጠየቀች። እውነቱን ነው። የይለፍ ቃሉ የተቀየረው የእሱ ቤት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ነው። ሠርከአዲስ በማስታወሻዋ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ሌባው ሌላ ቦታ ኮምፒውተር አለው። ልጅቷ በነዚያ ሁለት ሳምንታት ኢሜይሏን እንደማትከፍትም ያውቅ ነበር።"

*

ማክሰኞ ዩስራን አስከትላ ትምህርት ቤቱ ሄደች። የማትሪክ ካርድ የወሰዱ ተማሪዎች የፈረሙበት መዝገብ ቀረበላት። ስሞቹ ሁሉ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ የተጻፉ ናቸው፤ ፊርማዎቹም እንደዚያው። በተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ የዩስራ ስም አለ። ቀኑ ሐምሌ 18፣ ከሰዓት በኋላ ነው። እዚያ ላይ ያለው ፊርማ ብቻ በግዕዝ ፊደል ነው፤ ክብ ክብ ያለ፣ የተቀናጣ "ዩስራ"።

"እዚህ ላይ ፈርሚልኝ" አለቻት ሠርከአዲስ ባዶ ወረቀት ሰጥታ።

ዩስራ በቁቤ ፈረመች። "አማርኛ አነባለሁ እንጂ ስጽፈው ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማርኩት በቁቤ ነው።"

ሠርከአዲስ መዝገቡን እንደገና ተመለከተችው። የፈረመችው ልጅ ባሌ የተማረች አይደለችም። ያም ሆኖ ካርዱን ያስረከበ ሰው አለ፤ የገጹ ግርጌ ላይ ስሙ ተጽፏል፤ ገብረወልድ።

ገብረወልድ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ከሲታ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ክረምት ስለሆነ ከቤቱ ተጠርቶ መጣ።

"ይህን ገጽ የፈረሙት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ዩስራን ያውቋታል?"

"ሃያ ሰባት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ እንደሷ ያለ ተማሪ ሁለት ጊዜ አልገጠመኝም።"

"እንግዲያው የሷን ካርድ ለማን ሰጡት?"

መዝገቡን አየ። "ይህን እኔ አልሰጠሁም።"

"ፊርማዎ ግርጌው ላይ አለ።"

"ጠዋት ነው የፈረምኩት። ገጾቹን ሁሉ አስቀድሜ ፈርሜ ነበር።"

"ለምን? ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?"

ገብረወልድ ወደ ዩስራ አየት አደረገና አንገቱን ደፋ። "ልነግርዎት አልችልም።"

ያን ቀን ጣቢያ አደረ። ወሬው እስኪመሽ ከተማውን አዳረሰ። ግማሹ ሰው ክርስቲያኑ አስተማሪ የእስላሟን ልጅ እድል ሸጠው አለ፤ ግማሹ ደግሞ ያለ ጥፋቱ አሰሩት አለ። ሠርከአዲስ ከምታስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰዎች መጥተው የራስሽን ሰው እንዴት ታስሪያለሽ ብለው ወቀሷት። ሳላሀዲን ደግሞ ሊያመሰግናት መጣ። ወቀሳውም ምስጋናውም አንድ ዓይነት ቀፈፋት።

*

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ዩስራ ጣቢያ መጣች። ጾመኛ ናት፤ በእጇ ግን የምሳ ሳህን በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች።

"ለቲቸር ነው" አለች። "ሚስቱ ታማ ተኝታለች። እኔ ነኝ የሠራሁት። ልታስሩት ትችላላችሁ፤ እኔ ግን ከሳሹ አይደለሁም፤ ይህን ጻፉልኝ።"

"ጥፋተኛ ቢሆንስ?"

"ጥፋተኛ ከሆነ ራሴ እነግረዋለሁ። ማመልከቻውን ሙዪ ያለኝ እሱ ነው። መንገዱን ያሳየኝን ሰው በወሬ አላሳስርም።"

ሠርከአዲስ ገብረወልድን አስጠራችው። ሳህኑን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ መርማሪዋ ሳይሆን ወደ ዩስራ ዞሮ ተናገረ።

"አጋርፋ ሄጄ ነበር። የእርሻ ማሠልጠኛው መምህር ይፈልጋል ሲሉኝ ለቃለ መጠይቅ። ለርዕሰ መምህሩ አልነገርኩም፤ ሥራዬን ለአንድ አዲስ መምህር ትቼ ነው የሾለክሁት። ያ መምህር አንቺን አያውቅሽም፤ መታወቂያ ይዛ ለመጣች ሁሉ ይሰጣል። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ብቀመጥ ኖሮ ይህ አይደርስብሽም ነበር። ከሥራ መባረሩን ሳይሆን ይህን ለአንቺ መናገሩን ነው የፈራሁት።"

ዩስራ ሳህኑን ከፎጣው ፈትታ ወደ እሱ ገፋችለት። "ምሳው ይቀዘቅዛል" አለችው።

ሠርከአዲስ በዚያው ሰዓት መኪና አስነስታ አጋርፋ ሄደች። በግራ በቀኝ የገብስ ማሳው በጭጋግ ተሸፍኗል። የማሠልጠኛው ጸሐፊ የተፈታኞቹን ዝርዝር አወጣላት፤ ሐምሌ 18፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ገብረወልድ ሦስተኛ ሆኖ ገብቷል። አመሻሹ ላይ ስትመለስ ራሷ በሩን ከፍታ አስወጣችው። ይቅርታም ጠየቀችው።

ጠረጴዛዋ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ ፋክስ ይጠብቃታል። የፓስፖርቱ ቅጂ ነው። ስሙ ዩስራ ሻፊ፣ የትውልድ ቦታው ሮቤ ነው። ፎቶው ግን በፋክሱ ቀለም ጠቁሮ ከሻሹ ቅርጽ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። ከታች አንድ መስመር ተጽፏል፤ የቀረበው መታወቂያ ጎባ ከሚገኝ አንድ ቀበሌ ሰኔ 9 ቀን የተሰጠ ነው፤ ቁጥሩም ይኸው።

*

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጎባ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደረሰች። መታወቂያ የሚሰጠው ጎሹ የሚባል ጎልማሳ ነው። ቁጥሩን ስትነግረው ፋይሎቹን ማገላበጥ ጀመረ፤ አገላብጦ አገላብጦ የለም አላት።

"ክረምት ጣሪያው ያፈሳል፤ ብዙ ፋይል በስብሷል።"

"እኔ ጎባ ነው የተወለድኩት" አለችው ሠርከአዲስ። "ይህ ጣሪያ ባለፈው ዓመት ነው የተቀየረው። እኔ እፈልገዋለሁ፤ አንተ ተቀመጥ።"

ፋይሉን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ወሰደባት። መታወቂያ ጠያቂ፣ ዩስራ ሻፊ። ከቤቱ አባወራ ጋር ያላት ዝምድና፣ የወንድም ልጅ። ከጥጉ ላይ አንድ ጉርድ ፎቶ ተሰፍቷል፤ ቀላ ያለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያደረገች፣ ፈራ ተባ የምትል ልጅ። ዩስራ አይደለችም። የአባወራው ስም የተጻፈበትን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ሳላሀዲን።

"ምን ላድርግ?" አለ ጎሹ። "የወንድሜ ልጅ ናት፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳት ብሎ ይዟት መጣ። ሦስት ምስክር አቀረበ። የሳላሀዲንን ቃል በዚህ ከተማ ማን ይጠራጠራል?"

"ዛሬስ ለምን ደበቅከው?"

ጎሹ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስልክ አየት አደረገ።

ሠርከአዲስ ፎቶውን ይዛ ሮቤ ተመለሰችና ቀጥታ ገበያ ገባች። ጁሀራ ከድንች ክምሯ ኋላ ቁጭ ብላ ለአንዲት ሴት ትመዝናለች። ሠርከአዲስ ሴትዮዋ እስክትሄድ ጠበቀች፤ ከዚያ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

"አዴ ጁሀራ፣ ይህችን ልጅ ያውቋታል?"

ጁሀራ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፎቶውን ተቀበለች። ሚዛኑ ላይ የቀረውን ድንች አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ክምሩ መለሰችው።

"ሰቢሪና ናት" አለች። "የሳላሀዲን ልጅ። አዲስ አበባ እናቷ ዘንድ ነው ያደገችው። እሷም ዘንድሮ ማትሪክ ተፈትና ነበር፤ አልመጣላትም ብሎ እያዘነ ነግሮኛል።"

"ዩስራ ለፈተና ስታጠና ኢሜይሏን እንደማታይ ያውቅ ነበር?"

"እኔው ራሴ ነገርኩት። ከመጽሐፍ ቀና አላለችም፣ ዘይነዲን ቤትም መሄድ ትታለች አልኩት። ሱቄ ኮምፒውተር አለ፣ እኔ አይላታለሁ አለኝ። ደግ ነው ብዬ መረቅኩት።"

ገዢ መጥቶ ዋጋ ቢጠይቃት ጁሀራ አልሰማችውም።

*

ሠርከአዲስ ጣቢያ ስትደርስ አለቃዋ ኮማንደር ረጋሳ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ጎሹ ቀድሞ ለሳላሀዲን ደውሎ ነበር፤ እሱም ሽማግሌዎች ሰብስቧል።

"የቤተሰብ ጉዳይ ነው እያሉ ነው" አለ ኮማንደሩ። "ኢድ ደርሷል። ዛሬ ከአስር ሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ይቀመጣሉ። እስኪጨርሱ እንታገሥ።"

"ሰቢሪና ነሐሴ 21 ደብረጼን ለመድረስ ነገ ጠዋት ትበራለች።"

"ቢሆንም።"

"ለቦሌ ፖሊስ ደብዳቤ ልኬአለሁ፣ ኮማንደር። ከገበያ ስመጣ፣ ከፖስታ ቤት በፋክስ።"

"ያለ እኔ ፊርማ?"

"በእኔ ፊርማ።"

ረጋሳ ወደ ውስጥ አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሠርከአዲስ፣ ለጣቢያችን አጥር ቆርቆሮውን የሰጠው ይህ ሰው ነው።"

"ነቅለን እንመልስለት" አለችና መኪናው ውስጥ ገባች።

*

በሳላሀዲን ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሳላሀዲን ኮቱን እንደለበሰ መሐላቸው ነው። ዩስራና ጁሀራ ከፊታቸው ናቸው። ሠርከአዲስ በሩ ላይ ቆመች። አንደኛው ሽማግሌ ጥቂት እንድትታገሣቸው በእጁ ለመናት፤ ዩስራም "ይቆዩ፣ እኔም የምናገረው አለኝ" አለቻት። ቆየች።

"ኢንተላ ኮ" አለ ሽማግሌው፤ ልጄ ማለቱ ነው። "ሰቢሪና እህትሽ ናት። ከአንድ ቤት አንዷ ሐኪም ሆነች ማለት ሁላችሁም ሆናችሁ ማለት ነው። አጎትሽ አጥፍቷል፤ አልካደም። ነገሩ ከዚህ ግቢ ሳይወጣ ይለቅ።"

ሳላሀዲን ከጣቢያው ቀን ይልቅ ያረጀ መስሏል። "አባትሽን የቀበርኩት እኔ ነኝ" አላት። "አሥር ዓመት በዚህ ግቢ ኖራችኋል። ልጄ ደካማ ናት፤ እንዳንቺ አይደለችም። ይህ ካመለጣት ሌላ አታገኝም። አንቺ ግን ብልህ ነሽ። በሚቀጥለው ዓመት ብታመለክቺ እንደገና ይቀበሉሻል።"

"በሚቀጥለው ዓመት በማን ስም?" አለች ዩስራ።

ወደ ሽማግሌዎቹም ዞረች።

"ያኔ ዩስራ ሻፊ ሄዳለች። ፓስፖርት አላት፣ ካርድ አላት፣ ትምህርት ጀምራለች። እኔ በሚቀጥለው ዓመት ማን ነኝ ብዬ ልጻፍላቸው? አጎቴ የወሰደብኝ እድል ብቻ ቢሆን እናቴ ስትል እተወው ነበር። እኔን ነው የወሰደኝ።"

"ይቅር በይ፣ ረመዳን ነው" አለ ሁለተኛው ሽማግሌ።

"ይቅርታ ስጠየቅ አስብበታለሁ። እስካሁን የጠየቀኝ የለም፤ ዝም በይ ነው የተባልኩት። አልልም።"

ሳላሀዲን ወደ ጁሀራ ዞረ። "አንቺስ? ይህን ሁሉ ዓመት በላሽበት ቤት ላይ ፖሊስ ታስገቢያለሽ?"

ጁሀራ ተነሳች። ወደ ክፍላቸው ገብታ ትንሽ ቆየችና ፍራሹን ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች። ምንጣፉ አጠገብ ስትደርስ ቆም አለች።

"የበላሁት የድንቼን ነው" አለችው። "ያስጠለልከኝን አላህ ይቁጠርልህ። ከዛሬ ወዲያ ግን እዚህ አናድርም።"

ዩስራ የምጣዱንና የልብሱን ጓዝ ልታመጣ ገባች። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ሠርከአዲስ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉን አቋርጣ ሳላሀዲን ፊት ቆመች።

"ኦቦ ሳላሀዲን፣ ይነሱ።"

*

ሰቢሪናን ዓርብ ጠዋት ቦሌ ላይ ያዟት። ቅዳሜ ሮቤ ደረሰች። በፎቶው ላይ እንዳለችው ናት፤ ፈራ ተባ የምትል። ሠርከአዲስ ብዙ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ልጅቷ ሁሉንም ተናገረች፤ ዘይነዲን ለሰርጉ ከመሄዱ በፊት አባቷ የይለፍ ቃሉን ከደብተሩ ላይ እንዴት እንደገለበጠ፣ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሱ መኪናው ውስጥ እንዴት እንደጠበቃት።

"የስልክ ቃለ መጠይቁስ?"

ሰቢሪና ጣቶቿን አቆላለፈች። "ዩስራ የጻፈችውን ሁለት ገጽ በቃሌ ያዝኩት። ስለ አባቷ ነው። ታሞ በጭነት መኪና ከሮቤ ወደ ጎባ ሲወስዱት መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ራሱ በሷ ጭን ላይ እንዳለ ሞተ። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እነሱም ሐኪም መሆን ለምን ፈለግሽ አሉኝ። አባቴ ሞቷል ብዬ ጀመርኩ። አለቀስኩም። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማኝ ነበር።"

"ምን አለሽ ስትጨርሺ?"

"ምንም። ወጥቶ ሄደ። የዚያን ቀን እራት አልበላም።"

ይህን ቃል ዩስራ ስታነበው ሠርከአዲስ አጠገቧ ነበረች። ልጅቷ ገጹን ጨርሳ ወረቀቱን በጥንቃቄ ወደ ፋይሉ መለሰችው።

*

ሠርከአዲስ የምርመራውን ውጤት ጽፋ ወደ ደብረጼን ላከች፤ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰላት ገብረወልድ ነው። መልሱ ከኢድ በኋላ መጣ። ቦታው ለጊዜው ለማንም ሳይሰጥ ተጠብቋል፤ ነገር ግን ፊት ለፊት እያዩ፣ በኮምፒውተር፣ ራሳቸው ሊጠይቋት ይፈልጋሉ። ነሐሴ 27፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

በዚያ ቀን ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሮቤ መብራት ጠፋ። ዘይነዲን ከጎረቤት ወፍጮ ቤት ጄኔሬተር በጋሪ አስመጣ። ደንበኞቹን ሁሉ አስወጥቶ አንዷን ኮምፒውተር ብቻ ከፈተ። ሠርከአዲስ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆመች፤ ውጭ የተሰበሰበው ሰው ድምፅ እንዳያሰማ። ጁሀራ ገበያዋን ትታ መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ገብረወልድ መግባት አፍሮ በረንዳው ላይ ቀረ።

በኮምፒውተሩ ማያ ላይ ሦስት ሰዎች ታዩ። መሐል ላይ ያሉት ሽበታም ሴት ሰላምታ ሰጥተው ወዲያው ጠየቋት። የላክሽው ጽሑፍ ላይ ስለ አባትሽ ጽፈሻል፤ እስቲ እሱን በራስሽ አንደበት ንገሪን አሏት።

ዩስራ ወደ እናቷ ዞር አለች። ከዚያ ወደ ማያው ተመለሰች።

"ያንን አንድ ጊዜ ሰምታችሁታል" አለች በእንግሊዝኛ። "እውነት ነው፤ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ግን እኔ መሆኔን እንድታምኑኝ ብዬ አባቴን ሁለተኛ ጊዜ አልገድለውም። በቃል የተያዘ ታሪክ ማንም ሊነግራችሁ ይችላል፤ ነግረዋችኋልም። ኬሚስትሪ ጠይቁኝ። ባዮሎጂ ጠይቁኝ።"

ሦስቱ ተያዩ። ሽበታሟ ሴት መነጽራቸውን አስተካከሉ።

ለሃምሳ ደቂቃ ጠየቋት። ሠርከአዲስ ምንም አልገባትም፤ የገባት ልጅቷ አንድም ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አለማድረጓ ነው። ሁለት ጥያቄ ላይ አላውቅም አለች፤ ጮክ ብላ ነው ያለችው። በረንዳው ላይ ገብረወልድ እያንዳንዱን መልስ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይከተላል። ጄኔሬተሩ አንዴ ሊጠፋ ተንተፋተፈና ተመለሰ።

"የምትጨምሪው ነገር አለ?" አሏት በመጨረሻ።

"አለ" አለች ዩስራ። "ቦታውን ለሌላ ሰው ብትሰጡት እንኳ፣ ያቺ ልጅ እኔ እንዳልነበርኩ በመዝገባችሁ ላይ ጻፉልኝ።"

መልሱ የመጣው በአዲሱ ዓመት በሦስተኛው ቀን ነው። ዩስራ ገበያ መሐል ቆማ ለእናቷ በኦሮምኛ አነበበችላት። ጁሀራ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት፤ ከዚያ የተከራዩዋትን ክፍል ቁልፍ ሰጥታ "ሂጂ ልብስሽን እጠቢ፤ ፀሐይ ሳለ ይደርቅልሻል" አለቻት። በጥቅምት መጀመሪያ፣ በራሷ ስምና በራሷ ፎቶ በወጣ ፓስፖርት፣ ክፍል ከተጀመረ አንድ ወር ካለፈ በኋላ፣ ዩስራ ሻፊ ደብረጼን ገባች።